እኩል የሚሰሙ ሁለት ማይኮች

ልጅ ሳለሁ አባቴ ዘፋኝ ይመስለኝ ነበር። ማስረጃም ነበረኝ። ሐሙስ ሐሙስ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ጋሽ ሚልክያስ ማይኮቻቸውን፣ ጥቅል ሽቦና የድምፅ መጠን የሚያሳይ መርፌ ያለው ግራጫ ሣጥን ይዘው ከፎቅ ይወርዱና አባቴን ይቀዱታል። ፒያሳ ውስጥ አንጥረኛ ሞልቷል፤ የሚቀዳ አንጥረኛ ግን ከእሱ ሌላ አላየሁም። ሦስተኛ ክፍል ሳለሁ ይህንኑ ለክፍል ጓደኞቼ ተናገርኩ። መምህራችን ምን እንደሚዘፍን ጠየቀችኝ። «መዶሻ» አልኳት። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ፤ ምኑ እንዳሳቃቸው አልገባኝም።

የአባቴ ወርቅ ቤት ከዋናው መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ፣ በአንድ አሮጌ ባለ አንድ ፎቅ ሕንጻ ሥር ነበር። ከፊት ባንኮኒና መስታወት፣ ከኋላ በመጋረጃ የተከለለች መሥሪያ ክፍል። አባቴ ኡመር ይባላል። ከወሎ የመጣው በአሥራ ስድስት ዓመቱ፣ ሁለት እጁን ብቻ ይዞ ነው እየተባለ ይወራል። እናቴ ዐፊፋ ይህን በሰማች ቁጥር «ሻንጣም ነበረው» ትላለች። እኔ የምማረው በከሰዓት ፈረቃ ስለነበር ጠዋት ጠዋት መሥሪያ ክፍሏ ውስጥ ዱካ ላይ ተቀምጬ የቤት ሥራዬን እሠራለሁ፤ ወይም የምሠራ እመስላለሁ።

ፎቁ ላይ የጋሽ ሚልክያስ ድምፅ መቅጃ ነበር። ግድግዳው በእንቁላል መያዣ ካርቶን የተለበጠ፣ መስኮቱ በፍራሽ የተደፈነ አንድ ክፍል ነው። የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት መዘምራን መዝሙራቸውን የሚቀዱት እዚያ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ሠላሳ ሰው የእንጨቱን ደረጃ ሲወጣ የእኛ መስታወት ይንቀጠቀጣል። አባቴ ቀለበቶቹ እንዳይወድቁ በክንዱ እየከለለ «መላእክቱ መጡ» ይላል።

የሐሙሱ ነገር በቅጡ የገባኝ ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ያውም ራሴ በድምፅ ቀረጻ እንጀራ መብላት ከጀመርኩ በኋላ ነው። አንድ ማይክ አንድ የተወሰነ ድምፅ ሲደርሰው ምን ያህል ኤሌክትሪክ እንደሚሰጥ የሚነግር ልክ አለ፤ በሙያችን ሴንሲቲቪቲ እንለዋለን። ከአንድ ፋብሪካ፣ በአንድ ቀን የወጡ ማይኮች እንኳ እኩል አይሰሙም። የአንዷ ጆሮ ትንሽ የሰላ ይሆናል። መዘምራን በሁለት ማይክ ሲቀዱ፣ አንዷ ከሴቶቹ ፊት፣ አንዷ ከወንዶቹ ፊት ትቆማለች። ሁለቱ እኩል ካልሰሙ ወንዶቹ ምንም ሳያጠፉ ካሴቱ ላይ ሴቶቹን ውጠዋቸው ይገኛሉ። ስለዚህ ባለሙያው ካሉት ማይኮች መሃል እኩል የሚሰሙትን ሁለቱን ፈልጎ ማጣመር አለበት።

ለዚህ ደግሞ የማይለዋወጥ ድምፅ ያስፈልጋል። አንዷ ማይክ አንድ ቦታ ትቆማለች፣ ድምፁ ይሰማል፣ መርፌው የት ድረስ እንደሄደ ይጻፋል። ከዚያ ሌላዋ እዚያው ቦታ ላይ ትቆምና ያው ድምፅ ይደገማል። በመሃል ድምፁ ራሱ ከተለወጠ ልፋቱ ሁሉ ከንቱ ነው። ጋሽ ሚልክያስ መጀመሪያ በድምፅ ማጉያ ሞክረው ነበር። ግን አጠገባችን ያለው ኬክ ቤት ምድጃውን በለኮሰ ቁጥር መብራቱ ይደክማል፣ ማጉያውም አብሮ ይደክማል። አንድ ቀን መብራት ጭራሹን ጠፍቶ ጨለማ ውስጥ ተቀምጠው ሲራገሙ የአባቴ መዶሻ ከታች ተሰማቸው። ጣ፣ ጣ፣ ጣ። ሃያ ጊዜ ቢሰሙት ሃያውም አንድ ነው። ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለሉ ወረዱና «ኡመር፣ ስፈልግ የኖርኩት ለካ አንተን ነው» አሉት። አባቴ ቀለበት የሚያሠሩ መስሎት የጣት መለኪያውን አቀረበላቸው።

ከዚያ ወዲህ ሐሙስ የእኛ ቀን ሆነ። አባቴ ምንም ያልተቀመጠበትን መቀጥቀጫ ብረት አሥር ጊዜ ይመታል። ጋሽ ሚልክያስ ማዳመጫቸውን ጆሯቸው ላይ ደፍተው መርፌው ላይ ያፈጣሉ። የእኔ ሥራ አለመተንፈስ ነበር፤ አንድም ቀን ተሳስቼ አላውቅም። ሲጨርሱ «ይሄ እጅ አይደለም፣ የግድግዳ ሰዓት ነው» ይላሉ። አባቴ መዶሻውን አስቀምጦ እጁን እንደማንም ሰው እጅ ኪሱ ይከተዋል። እኔ ግን በዚያ እጅ የምኮራው ራሴ የሠራሁት ያህል ነበር። ሰፈር ውስጥ የአባቴን እጅ ታሪክ ያልሰማ ልጅ አልነበረም፤ አንዳንዶቹ አራት አምስት ጊዜ ሰምተውታል። አሥር ዓመት ሲሞላኝ ጆሮዬ ይበሳና አባዬ በዚያ እጁ ጉትቻ ይሠራልኛል። ይህ የተቆረጠ ነገር ነበር።

አንድ ነገር ደግሞ መናገር አለብኝ። አባቴ ስለ ሚዛኑ ቀልድ አያውቅም። አንድ ጠዋት ሚዛኑ ያለበት ጠረጴዛ እግሩ ተነቃንቆ ሚዛኑ አጋድሎ አገኘው። ከጥቂት ደቂቃ በፊት አንዲት ሴትዮ ቀለበት ገዝተው ወጥተዋል። አባቴ ሽርጡን እንዳደረገ ወደ ታክሲው ሰልፍ ሮጠ። ሴትዮዋን ከሰልፍ አውጥቶ ይዟቸው ሲመለስ ሊዘርፋቸው የመጣ መስሏቸው ቦርሳቸውን በሁለት እጃቸው አቅፈው ነበር።

«ሚዛኔ አጋድሎ ነበር፤ እንደገና ልመዝንልዎት» አላቸው።

«እኔ እኮ ምንም አላወቅኩም» አሉ።

«ለዚህ ነው የምነግርዎት።»

እሳቸው ከሄዱ በኋላ ወደ እኔ ዞረ። «ጁወይሪያ፣ ዕቃሽ ሲበላሽ ደንበኛው ሳይጠይቅሽ ንገሪው። ከጠየቀ በኋላማ ማንም ይናገራል» አለኝ። እኔ ቁርዓን ስቀራ የማላሳየውን ትጋት በዚህ ነገር ላይ አሳየሁ። በቃሌ ያዝኩት።

እና አንድ የኅዳር ሐሙስ ማይኮቹ አልስማማ አሉ። የመጀመሪያዋ ቆመች፣ አባቴ መታ፣ ጋሽ ሚልክያስ ጻፉ። ሁለተኛዋ ቆመች፣ አባቴ መታ፣ ጋሽ ሚልክያስ ጽፈው የጻፉትን አዩት። «እስቲ ድገመው» አሉ። ደገመው። ሽቦ ቀየሩ። ማይኮቹን አቀያየሩ። ባለፈው ሐሙስ ልክ እንደ መንትያ የነበሩት ሁለቱ ማይኮች አንዴ ይቺ በልጣ፣ አንዴ ያቺ በልጣ ይገኛሉ።

«አቦ፣ ምን ነካቸው?» አሉ ጋሽ ሚልክያስ። ተወልደው ያደጉት እዚያው አራዳ ነውና ነገር ሲጠምምባቸው ይቀልዳሉ። ያን ቀን ግን አልቀለዱም።

በሚቀጥለው ሐሙስ በሌላ ዘዴ መጡ። ሁለቱን ማይኮች አንድ ላይ፣ ጎን ለጎን አቆሟቸው። ሣጥኑ ሁለት መርፌ ስለነበረው የሁለቱም በአንድ ጊዜ ይታያል። አባቴ መታ፤ ሁለቱ መርፌዎች አብረው ዘለሉ። መታ፤ ሁለቱም አብረው አነስ አሉ። መታ፤ ሁለቱም አብረው ቀዩን መስመር አለፉ። እጅ ለእጅ ተያይዘው ገመድ የሚዘሉ ሁለት ልጆች ይመስሉ ነበር። አለመተንፈሴን ረሳሁና «ሁለቱም ተበላሹ!» ብዬ ጮህኩ።

ዛሬ በሥሬ የምትለማመድ ልጅ ሁለት መርፌ አብሮ ሲዘል አይታ እንዲህ ብትለኝ ወደ መጀመሪያው ትምህርት እመልሳታለሁ። ሁለት ማይክ በአንድ ቅጽበት፣ በአንድ ልክ አይበላሽም። አብረው ከወጡና አብረው ከወረዱ ማይኮቹ ጤነኞች ናቸው፤ የተለዋወጠው ድምፁ ነው።

ጋሽ ሚልክያስ ማዳመጫቸውን ቀስ አድርገው አወለቁ። መርፌዎቹን አላዩም። የአባቴን እጅ ነበር የሚያዩት። አባቴም የሚያየው እሱኑ ነበር።

«ጁዊ» አሉኝ፣ «ከኬክ ቤቱ ሁለት ኬክ ገዝተሽ ነይ እስቲ። አንዱ ያንቺ ነው። አትሩጪ፣ መንገድ ነው።»

ታዛዥ ልጅ ስለነበርኩ አልሮጥኩም። ኬክ ቤቱ ደርሼ ለመምረጥም ጊዜ ወሰድኩ። ስመለስ ወሬያቸውን አቋረጡ። አባቴ ቀኝ እጁን ጭኑ ሥር አድርጎ ተቀምጧል። ጋሽ ሚልክያስ የተጠቀለለ ሽቦ እንደገና ይጠቀልላሉ።

«ልክ ነሽ፣ ማይኮቹ ናቸው» አሉኝ። «ሁለቱም ተበላሽተዋል።»

«አልኩ አይደል!» አልኩ። ወደ አባቴ ዞሬ «አባዬ፣ ተናደድክ እንዴ?» ብዬ ጠየቅኩት።

«ለምን እናደዳለሁ? የሚልኪ ማይክ ነው እንጂ የእኔ አይደለም» አለና መጋረጃውን ገልጦ ወደ ባንኮኒው ወጣ። ጋሽ ሚልክያስ ኬካቸውን አልበሉም። ሁለቱንም እኔ በላኋቸው።

ከዚያ በኋላ የሐሙሱ ነገር ቀረ። በዚያው ሳምንት ከትምህርት ቤት ስመለስ እናቴና አባቴ ጓዳ ውስጥ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ሲነጋገሩ ሰማሁ። ዝቅ ያለ ድምፅ የመስማት ችሎታዬ ያኔም ጥሩ ነበር።

«አሁን ይሻላል እኮ» ትላለች እናቴ።

«ትንሽ ትደግ።»

«ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ ኡመር።»

«ትንሽ ትደግ አልኩሽ።»

ስለ ጉትቻዬ መሰለኝ። እናቴ ቶሎ እንዲሠራልኝ እየተከራከረችልኝ፣ አባቴ ደግሞ እምቢ እያለ መሆኑ አሳዘነኝ፤ አንድ ቀን ሙሉ አኮረፍኩት። ማኩረፌን ያስተዋለ አልነበረም።

ሌላ የሚያሳስበኝ ነገር ደግሞ ነበር። ጋሽ ሚልክያስ በእነዚያው በተበላሹት ማይኮች መቅዳታቸውን ቀጥለዋል። አንድ ቅዳሜ ታገሥኩ። ሁለተኛውንም ታገሥኩ። መዘምራኑ እየሳቁ ይወጣሉ፣ እየሳቁ ይወርዳሉ፤ ምንም የሚያውቁት ነገር የለም። ለእኔ ነገሩ ግልጽ ነበር። የጋሽ ሚልክያስ ሚዛን አጋድሏል፣ እሳቸው ግን ለደንበኛ አልተናገሩም። እወዳቸው ስለነበር በጣም አፈርኩባቸው።

በሦስተኛው ቅዳሜ ደረጃው ሥር ቆሜ ሩቲን ጠበቅኳት። ሩቲ የመዘምራኑ መሪ ነበረች። ስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲ የምትማር፣ ደብተሯን ሁልጊዜ ደረቷ ላይ አቅፋ የምትሄድ፣ ስታልፍ ጉንጬን ሳትነካ የማትሄድ ልጅ።

«ሩቲዬ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ።»

«ንገሪኝ የኔ ቆንጆ።»

«የጋሽ ሚልክያስ ማይኮች ተበላሽተዋል። ሁለቱም። ራሳቸው ናቸው የነገሩን።»

ፈገግታዋ ባለበት ቀረ። «መቼ ነው የነገሯችሁ?»

«በኅዳር።»

«ከኅዳር ወዲህ እኮ ሦስት መዝሙር ቀድተናል።»

«ለዚህ ነው የምነግርሽ» አልኳት።

እጄን ያዘችና ይዛኝ ወጣች። ጋሽ ሚልክያስ ጀርባቸውን ሰጥተውን አንዷን ማይክ ከማቆሚያው እንጨት ላይ ያስራሉ። ክፍሉ በካርቶን የታፈነ ስለሆነ የራሴ ትንፋሽ ይሰማኛል።

«ጋሽ ሚልክያስ» አለች ሩቲ፣ «ይቺ ልጅ ማይኮቹ ተበላሽተዋል ትላለች። እውነቷን ነው?»

ዞሩ። ሩቲን አዩ። ሊናገሩ አፋቸውን ከፈቱ። ከዚያ ዓይናቸውን ከሩቲ ወደ እኔ አወረዱ፤ ቆይተው አዩኝ። እኔም አየኋቸው። ሊቆጡኝ ነው ብዬ ፈርቼ ነበር፤ ግን ልክ እንደሆንኩ አውቅ ስለነበር ዓይኔን አልሰበርኩም።

«አዎ» አሉ። «እውነቷን ነው።»

«ታዲያ እንዴት አይነግሩንም? ለገና ሊወጣ ነው እኮ! ስንት ወር የተለፋበት!»

«ይቅርታ ሩቲ። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

ሩቲ ዓይኗ እንባ ሞላ። ጨዋ ስለነበረች አልተሳደበችም፤ ደህና ይሁኑ ብላ ሠላሳ ሰዎቿን ይዛ ደረጃውን ወረደች። መስታወታችን ተንቀጠቀጠ። እኔም ተከትዬ ወርጄ ለአባቴ ልነግረው ሮጥኩ።

«አባዬ፣ ጋሽ ሚልክያስ ለደንበኛ አልናገር ሲሉ እኔ ነገርኳት! ለሩቲ ነገርኳት። ሳትጠይቀኝ!»

አባቴ ወረንጦውን አስቀመጠ። ምን እንዳልኳት፣ ሩቲ ምን እንዳለች፣ ጋሽ ሚልክያስ ምን ብለው እንደመለሱ አንድ በአንድ አስደገመኝ። ከዚያ ባንኮኒውን ለእናቴ ትቶ ወደ ፎቅ ወጣ። የዙህር አዛን እስኪሰማ አልወረደም። ሲመለስ አጠገቤ ቁጢጥ አለ፤ ፊቱ ገርጥቶ ነበር።

«ልክ ነው ያደረግሽው» አለኝ። «አንቺ ምንም አላጠፋሽም።»

እኔ ያጠፋሁ መስሎኝ አያውቅም ነበርና የተናገረው ነገር ግራ ገባኝ። ሽልማት ነበር የጠበቅኩት።

መዘምራን እርስ በርስ ይተዋወቃሉ። ፋሲካ ሲደርስ ደረጃው ላይ የሰው ኮቴ መሰማት አቆመ። ጋሽ ሚልክያስ ካርቶኑን ከግድግዳው ገንጥለው፣ ማይኮቻቸውን ሸጠው ለሠርግ ድምፅ ማጉያ ከሚያከራይ ሰው ዘንድ ተቀጠሩ። የሄዱ ቀን እንደ ትልቅ ሰው እጄን ጨብጠው ተሰናበቱኝ። የዕቃቸውን ብልሽት የደበቀ ሰው መጨረሻ ይህ ነው ብዬ አሰብኩ። ዘጠኝ ዓመት ሰው ላይ ለመፍረድ ደህና ዕድሜ ነው።

መዶሻውን የአጎቴ ልጅ አብዱረህማን ተረከበ፤ ሥራ መልመድ አለበት ተባልኩ። አባቴ ወደ ፊት፣ ወደ ሚዛኑ ተዛወረ። ጉትቻዬን የሠራልኝ አብዱረህማን ነው፤ አንዱ ከሌላው ትንሽ ይረዝማል። አሥራ አንድ ዓመት ሲሆነኝ አባቴ አስቀመጠኝና እጁን እንዳመመው፣ እጅ የሚያንቀጠቅጠው በሽታው ፓርኪንሰን እንደሚባል ነገረኝ። መቼ እንደጀመረው ጠየቅኩት። «ትንሽ ቆይቷል» አለኝ። እኔም ትንሽ ማለት አንድ ሁለት ወር መስሎኝ ተውኩት።

ሃያ አምስት ዓመቴ ላይ፣ አራት ኪሎ ያለ አንድ ስቱዲዮ ውስጥ፣ ለአንድ ቀረጻ ሁለት ማይክ ማጣመር ነበረብኝ። ጎን ለጎን አቆምኳቸውና አጨበጨብኩ። ሁለቱ መርፌዎች አብረው ዘለሉ። ለስለስ አድርጌ አጨበጨብኩ፤ አብረው አነሱ። ጥሩ ጥንድ ናቸው ብዬ ልጽፍ ብዕር አነሳሁና መጻፍ አልቻልኩም። ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። የጋሽ ሚልክያስ ማይኮች ምንም አልሆኑም ነበር። የተለዋወጠው የአባቴ እጅ ነው፤ ጋሽ ሚልክያስም ይህን እዚያው መሥሪያ ክፍል ውስጥ አውቀዋል። አባቴ እንዳይሰበር ብለው ጥፋቱን በማይኮቻቸው ላይ አሳበቡ፤ እኔ ደግሞ ያንን ወስጄ ደንበኞቻቸውን በተንኩባቸው። እንዲህ ነበር የተረዳሁት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ይቅርታ ልጠይቃቸው እፈልግ ነበር። አድራሻቸውን ለማግኘት ሁለት ስልክ መደወል ይበቃኝ ነበር፤ ስምንት ዓመት አልደወልኩም። ፊታቸውን ማየት ፈርቼ ነው።

አባቴ ባለፈው ዓመት አረፈ። ያ ሕንጻ ከብዙ የፒያሳ ሕንጻዎች ጋር ፈርሶ ከተማው ዳር ወዳለ ኮንዶሚኒየም ገብተን ነበርና ለቅሶውም እዚያው ሆነ። በሁለተኛው ቀን ጋሽ ሚልክያስ መጡ። ፀጉራቸው ሙሉ በሙሉ ነጭ ሆኗል። እናቴ ገና በር ላይ ስታያቸው «ሚልኪ፣ ኡመር ጥሎን ሄደ» ብላ አለቀሰች። ፍራሹ ላይ ተቀመጡ፤ ሻይ ቀረበላቸው። ሄጄ አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

«እግዚአብሔር ያጽናሽ ጁዊ። በድምፅ ሥራ ገባች ብለው ነግረውኛል» አሉ።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ልጠይቅዎት ነበር። ስንት ዓመት ሙሉ።»

«ለምኑ?»

«ማይኮቹ ደህና ነበሩ።»

«በጣም ደህና ነበሩ» አሉ። «እንደነሱ ያለ ጥንድ ከዚያ ወዲህ አልገጠመኝም።»

«እርስዎ አባዬ እንዳያውቅ ብለው ዋሹ፤ እኔ ደግሞ ሄጄ ለሩቲ...»

«ቆይ» አሉኝ። ብርጭቋቸውን ወለሉ ላይ አስቀመጡ። «ማነው ኡመር አያውቅም ያለሽ? አንቺ ኬክ ልትገዢ ስትወጪ ነገርኩት እኮ። ማይኩ አይደለም፣ እጅህ ነው አልኩት። እሱም ጠርጥሮ ነበር። በዚያ ሰሞን ቀለበት ላይ ፈርጥ ሊያስቀምጥ ሲል አሥር ጊዜ ይወድቅበት ነበር። አልተከራከረኝም። አንድ ነገር ብቻ ነው የለመነኝ።»

«ምን ብሎ?»

«"ልጅቷ ስትመለስ ማይኩ ነው በላት" አለኝ። "ዐፊፋ ትወቅ፣ አብዱረህማን ይወቅ፣ ደንበኛም ይወቅ፤ ግድ የለኝም። እሷ ግን በዚህ እጅ ነው የምትኮራው። ትንሽ ትደግና እኔው እነግራታለሁ" አለኝ።»

ክፍሉ ውስጥ ሰው ይገባል፣ ሰው ይወጣል። እናቴን አየኋት፤ ከአንዲት ጎረቤት ጋር ታወራለች። እሷም ታውቅ ነበር። አብዱረህማንም ያውቅ ነበር። ከእኔ በስተቀር ያላወቀ አልነበረም።

«ሩቲን ያስለቀስኳት ቀን አባዬ እርስዎ ጋ ወጥቶ ነበር» አልኩ።

«ወጥቶ ነበር። "አሁኑኑ ሄጄ ለመዘምራኑ እውነቱን እነግራለሁ" አለኝ። አይሆንም አልኩት። ሠላሳ ሰው ካወቀ አንቺ እዚያው ደረጃ ላይ ትሰሚያለሽ። "ከሰው ከምትሰማ ካንተ ትስማ፤ ገና ካልተዘጋጀህ ደግሞ ቆይ" አልኩት። ተጨቃጨቅን። አለቀሰ፣ ኡመር። እሱ ሲያለቅስ ያን ቀን ብቻ ነው ያየሁት።»

«ግን ከዚያ በፊት» አልኩ። «ሩቲ ራሷ ስትጠይቅዎት። አባዬ ደንበኛ ይወቅ ብሎዎታል። እውነቱን ቢነግሯት መዘምራኑ አይሄዱም፣ ቤቱም አይዘጋም ነበር። ለምን አልነገሯትም?»

ጋሽ ሚልክያስ ጥያቄው የገረማቸው መሰሉ።

«ልነግራት ነበር እኮ። አንቺ አጠገቧ ቆመሽ ነበር» አሉኝ።

አለቀስኩ። ለቅሶ ቤት ስለነበር ለምን ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም።